አንገቴን ሰበር ባደረግሁ ቁጥር

ለተከበሩ የመኪናዬ አስመጪ ድርጅት
የሶፍትዌር ማሻሻያ ክፍል ኃላፊ፤
አዲስ አበባ።

ጉዳዩ፦ ሰላምታ እንቅልፍ አለመሆኑን ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም በቢሮዎ ውስጥ ያለ እንቅልፍ የሚያገለግሉትን ኮምፒውተሮች ደህንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ ከግራ ጉልበቴና ከእርስዎ ማሻሻያ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አገር እንዲያነበው አድርጌ በመጻፌ ቅር እንዳይሰኙብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመኪናዬ ስክሪን ላይ «አስተያየት» በሚለው ሳጥን አምስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር፤ ሳጥኑ ግን ሁለት መስመር ከሞላ በኋላ ስለማይቀበል፣ አቤቱታዬ ሁልጊዜ «የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን» ላይ እየተቆረጠ ሲደርስዎት ቆይቷል። እርስዎም አምስቱንም ጊዜ ሳይሰለቹ «አስተያየትህ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጤናዎን መጠየቄ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ስሜ ይበልጣል ገብረ መድህን ይባላል፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፤ የአሰላ ነዋሪ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በአሰላና በጎበሳ መካከል አውቶቡስ ነድቻለሁ። መንገዱ ፒስታ በነበረበት ዘመን፣ በጭቃውም በጉሙም፣ አንድም ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት ሳይሆን ወደ ታች ስለሚያስፈልገን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠው ግራ እግሬ ግን በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ከዳኝና፣ ዛሬ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለችውን ቁልቁለት እንኳ ወርጄ መመለስ አልችልም። ባለቤቴ በቀለች ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ኤፍራታ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የራሷን ድርጅት የምታስተዳድር ጎበዝ ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት «አባቴ በባጃጅ ሲንገላታ አላይም» ብላ፣ ይህችን በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ድምፅ የሌላት የቅንጦት መኪና ገዝታ ላከችልኝ። እኔ የለመንኳት እሷ እንድትመጣልኝ ነበር፤ የመጣችው መኪናዋ ናት።

እውነቱን ለመናገር እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ከእርስዎ ጋር ምንም ጠብ አልነበረኝም። ወንበሩ ይሞቃል፤ አሰላን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በሩን ገፋ ካደረጉት በኋላ የቀረውን ራሱ ይዘጋል። ወንበሩ ሲፈለግ ወገብ ያሻል። በየማለዳው ከላይ ሰፈር ካለው ቤቴ ተነስቼ፣ ከተማውን አቋርጬ፣ በሳጉሬ መውጫ ወዳለው የሁሴኖ ጎሚስታ ቤት እወርድ ነበር።

ሁሴኖን የማያውቁት ስለሆነ ላስተዋውቅዎት። የአውቶቡሴን ጎማ ሲለጥፍ የኖረ፣ አርባ ዓመት የማውቀው ወዳጄ ነው። ማለዳ ስደርስ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ ይበልጣል?»፣ እንዴት አደርክ፣ ይለኝና፣ መኪናዬን ዞሮ አራቱንም ጎማዎች በብረቱ ይመታቸዋል። የጎማው ነፋስ ልክ ስክሪኑ ላይ እስከ ነጥቡ ተጽፎ እንደሚታይ ብነግረው «ስክሪኑ ጎማ ነፍቶ ያውቃል?» ይለኛል። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጋቢና ይቀመጥና የወገብ ማሻውን ያስነሳል። «ሀሊሜ እንዳትሰማ፤ ወገቤን እንዲህ አድርጎ ያሸልኝ የለም» ይላል፤ ሀሊሜ ባለቤቱ ናት። አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጣለን፤ ብዙም አናወራም። የቀኔ ትልቁ ሥራ ይኼ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ቤቴ ገብቼ እስከ ማግሥቱ ድረስ ዝም ብዬ ብቀመጥ አይከብደኝም ነበር።

በጥቅምት ወር እርስዎ ከአዲስ አበባ ሳይነሱ መኪናዬን አሻሻሏት። ሳያስፈቅዱኝ ነው ብዬ አላማዎትም፤ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ስክሪኑ ላይ መጥቶልኝ ነበር። «አልስማማም» የሚለውን ግን በመነጽርም ያለ መነጽርም ፈልጌ ስላጣሁት ተስማምቻለሁ። ቅሬታዎቼም በቅደም ተከተል የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ በአሰላ ማለዳ የፊት መስታወት በጉም ይሸፈናል። ከማሻሻያው በፊት ጉሙን የሚያጠፋው ቁልፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ ስለነበር፣ ጣቴ ሳላየው ያገኘው ነበር። አሁን ወደ ሦስተኛው ገጽ ተዛውሮ «ምቾት» በሚል ርዕስ ሥር፣ ከመብራት ቀለም ምርጫ ቀጥሎ ተቀምጧል። እሱን ፍለጋ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ስወረውር መኪናዋ «ዓይንህን ከመንገዱ አታንሳ» ብላ ትቆጣኛለች፤ መንገዱን እንዳላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ምክሯ ግን መልካም ምክር ነውና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ መኪናዋ የመንገዱን ነጭ መስመር እየተከተለች መሪውን እንድታስተካክል ስላስተማሯት ደስ ብሎኛል። መስመር በሌለበት የጋሪ ጎማ የረገጠውን ዱካ መስመር ነው ብላ ስለምትከተል፣ አንድ ቀን ከአንድ ገለባ ከጫነ ጋሪ ኋላ ሰው ግቢ ልታስገባኝ ነበር። በሳጉሬ የገበያ ቀን አህያውን ስክሪኑ ላይ ሞተር ብስክሌት አድርጋ ትሥለዋለች። ሰውን ሁሉ ደግሞ ፊት የሌለው ግራጫ ምስል አድርጋ ነው የምታሳየኝ። ሽማግሌውም፣ ተማሪውም፣ ሁሴኖም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ይህ አስቆኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ መኪናዋን አማርኛ ስላስተማሯት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዳሩ ግን የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌን «አንተ» እያለች ታዘኛለች። ልጄም አንተ ትለኛለች፤ እሷን ግን ወልጃታለሁ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል፣ በመኪናው ካልሆነም በወንበርዎ ላይ ተመቻችተው እንዲቀመጡ በአክብሮት እለምናለሁ።

በእኛ ከተማ ሾፌር የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ሲያይ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ለእኩያው ትንሽ፣ ለሽማግሌ ዝቅ ብሎ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ፍጥነት ቀንሶ፣ ግንባሩ መሪውን ሊነካ እስኪደርስና ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ነው። ቀድሞ እጅ የሚነሳው ሾፌሩ ነው፤ ተቀምጦ የሚሄደው እሱ ነውና በእግሩ የሚሄደውን ቅደመኝ ብሎ መጠበቅ ነውር ነው። ይህን ከአውቶቡስ ጀምሬ የለመድኩት ስለሆነ እያሰብኩ አላደርገውም። ከቤቴ እስከ ሁሴኖ ያለው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው ጠፋ በተባለ ቀን እንኳ አስራ ዘጠኝ ጊዜ እጅ እነሳበት ነበር።

እርስዎ ደግሞ በማሻሻያዎ፣ ከመሪው ኋላ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል ካሜራ ነቅታ እንድትጠብቀኝ አደረጓት። የእሷ እውቀት አንድ ነው፤ አንገቱ የወደቀና ዓይኑ ወደ ታች የወረደ ሾፌር ተኝቷል። በመጀመሪያው ትጮኻለች። በሁለተኛው ወንበሩን ታንቀጠቅጠዋለች። በሦስተኛው መሪውን ከእጄ ትቀበልና ወደ ዳር ወጥታ ትቆማለች፤ የአደጋ መብራቱን ታበራለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚጨስ ስኒ ሥላ «ደክሞሃል። እረፍ።» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ አስራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ንቅንቅ አትልም። ቆጠራውንም መኪናዋን አጥፍቼ ካላስነሳኋት በቀር አትረሳውም።

በመጀመሪያው ቀን ለጎረቤቴ ለእታገኘሁ፣ ለአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤትና ከመስጊድ ለሚመለሱ አንድ አዛውንት እጅ ነሳሁ፤ መኪናዋም አዛውንቱ ፊት ቀጥ አለች። አዛውንቱ ለክብራቸው የቆምኩላቸው መስሏቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀርበው፣ አስራ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ሲመርቁኝ ቆዩ። እስካሁን ከማሻሻያዎ ያገኘሁት ጥቅም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው አጠገብ፣ ከዚያም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ሰው ተሰብስቦ በመስታወቱ ያየኝ ጀመር። ገሚሱ ታመመ አለ፤ ገሚሱ በዚህ ማለዳ ጠጣ አለ። አራቱ ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሁሴኖ ስቆ ሊሞት ነበር።

መኪናዋ የተመዘገበችው በልጄ ስም በመሆኑ፣ በቆመች ቁጥር «አሽከርካሪው ተኝቷል» የሚል ቀይ መልእክት ለኤፍራታ ስልክ ይደርሳታል። «አባዬ፣ ተኝተህ ነው እንዴ የምትነዳው?» ብላ ደወለች። ኤፍራታ ሥራ ስለሚበዛባት በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ነበር የምትደውልልኝ፤ የዚያን ቀን አራት ጊዜ ደወለች። አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን እያለቀሰች፣ መኪናዋ አንድ ጊዜ ደግማ ከቆመች መጥቼ ቁልፉን እወስዳለሁ አለችኝ። ሰላምታ መሆኑን አስረዳኋት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። «ታዲያ ሰላም ማለቱን ለምን አትተወውም?» አለችኝ።

መኪናዋ ከተወሰደች፣ ባጃጅ እስከ ቤቴ ስለማይወጣ፣ ሁሴኖ ዘንድ መድረሻ የለኝም። ስለዚህ ሰላም ማለቱን ተውኩት። አንገቴን አቅንቼ እጄን ከፍ ባደርግ «እጅህን ከመሪው አታንሳ» ተባልኩ። ወደ ሰውዬው ዞሬ ፈገግ ብል «ዓይንህን ከመንገዱ አታንሳ» ተባልኩ። ክላክስ ቀርቶልኝ ነበር፤ ሽማግሌን በክላክስ ሰላም ማለት ግን ዶሮ እንደማባረር ነው። በመጨረሻ ግንድ ሆኜ መንዳት ተማርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎች ጎንበስ ብለው መልሴን ይጠብቁ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጎንበስ ሊሉ ጀምረው ይተዉት ነበር። ወር ሳይሞላ መኪናዋ ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ሱቁ ማዞር ጀመሩ። እታገኘሁ በአጥሩ በኩል «ሰዉ እኮ ኮሩ እያለዎት ነው፤ እኔስ በሽታዎ ነው ብያቸዋለሁ» አለችኝ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ፣ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንዳለው ሆነብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ትዕግሥትዎን አመሰግናለሁ። በኅዳር አጋማሽ አንድ ማለዳ ወደ ሁሴኖ ስወርድ ጉንፋን ይዞኝ ሁለቴ አስነጠሰኝ። ሁለቱም ማስነጠሶች በእንቅልፍ ተቆጠሩብኝ። ወንበሩ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሁሴኖን ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ቀና አለ። አንድ ጊዜ አንገቴን ሰበር ባደርግ መኪናዋ ትቆማለች፤ ቀይ መልእክቱ ይሄዳል፤ ቁልፌ ይወሰዳል። አንገቴን አቅንቼ አለፍኩት። አደባባዩ ጋ አቁሜ፣ አጥፍቼ፣ አስነስቼ፣ ቆጠራው ከተረሳ በኋላ በወጉ እጅ ልነሳው ተመለስኩ። ቦታው ላይ ማንም አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ኢርሻድ ጎበሳ ውስጥ ሞቶ፣ ቀባሪዎቹ በሚኒባስ መሄዳቸውን ከሰዓት በኋላ እታገኘሁ ነገረችኝ። የሚያውቁትን ሐዘንተኛ ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንደ ግንድ ማለፍ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ልጽፍልዎት አልችልም፤ ስም የለውም፤ የሚያደርገው አልነበረምና።

ከጎበሳ ሲመለሱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሁሴኖ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወንበር አቀረበልኝ። «ይቀመጡ አቶ ይበልጣል» አለኝ። «ባይመጡም ቅር አይለኝም ነበር፤ እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል።» ሀሊሜ ወደ መሬት ታይ ነበር። ክቡር ሆይ፣ አርባ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። እኩዮቼ አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ዛሬ በአሰላ ከተማ አንተ የምትለኝ መኪናዬ ብቻ ናት። በማግሥቱ ማለዳ ጎሚስታ ቤቱ ደጅ ስደርስ ጎማዎቼን ዞሮ አላያቸውም፤ ጋቢናም አልገባም። የሚያሞቀው ወንበር ባዶውን ሞቆ ተመለሰ።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በጥር መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ርችት እያፈነዱ «እንኳን ደስ ያለህ! ንቃትህ ከመቶ መቶ ነው። በደንበኞቻችን መካከል ከሁሉ የነቃህ አሽከርካሪ ሆነሃል» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል። በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት መቶ አርባ ሁለት ጊዜ «ተኝቼ» እንደነበርና አሁን ግን ዜሮ መድረሴን በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አሳይተውኛል። ሠንጠረዡን ደጋግሜ አየሁት። ያ መቶ አርባ ሁለት የሰው ብዛት ነው። እያንዳንዱን ስም ልጽፍልዎት እችላለሁ።

የምስክር ወረቀቱን ለልጄም ስለላኩላት ላመሰግን እወዳለሁ። ኤፍራታ የሚያጨበጭቡ ሁለት እጆች ሥዕል ላከችልኝ። ስልኳ ላይ በየቀኑ «አሽከርካሪው ንቁ ነው» የሚል አረንጓዴ ምልክት ስለሚያሳያት፣ ደውላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በሁለት ሳምንት አንዴ የነበረው እሑድ መጀመሪያ አንድ ዘለለ፤ ከዚያ ቀረ። አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ አልጮኸም። ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ እታገኘሁን በአጥሩ በኩል እንድትደውልልኝ ጠየቅኋት፤ ደወለች፤ ደህና ነው።

በየካቲት አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ወደ ሁሴኖ ወረድኩ። ልነግረው ብሞክር ቃል ስለሚያንሰኝ፣ በዓይኑ ይየው ብዬ፣ ጎሚስታ ቤቱ ፊት ስደርስ መኪናዋን ቀስ አድርጌ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳሁት። አንዱን ለወንድሙ፣ አንዱን ላለፍኩበት ማለዳ፤ ሦስተኛውን ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መኪናዋ ቆማ መብራቷን ታብለጨልጭ ጀመር። ሁሴኖ ጎማ የተነፈሰብኝ መስሎት ብረቱን ይዞ ወጣ፤ አራቱንም ዞሮ መታቸው። «ጎማዎ ደህና ነው» አለኝ። መስታወቱን አውርጄ ስለ ካሜራዋ፣ ስለ ማስነጠሴ፣ ስለ ልጄ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ በጨዋነት ሰማኝ። «አቶ ይበልጣል፣ እኔ የማውቀው ጎማ ነው» አለ። «መኪና ሰውን ሰላም እንዳይል ትከለክላለች ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካለዎት ያምጡልኝ።» ተመልሶ ገባ። መኪናዋ ገና ስላለቀቀችኝ፣ ልሂድ ብል እንኳ መሄድ አልቻልኩም፤ እዚያው ደጁ ላይ መብራቴን እያብለጨለጭኩ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። «አባዬ! ደህና ነህ?» አለች ኤፍራታ። እንድትሰጋብኝ ባልፈልግም ደክሞኝ ነው አልኳት። ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ጉልበቴን ጠየቀችኝ። ቤቱ ይበርዳል ወይ አለችኝ። እሷም ምሳ አለመብላቷን፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጥራት፣ አንዳንዴ የእናቷ ድምፅ እየጠፋባት መሆኑን ነገረችኝ። የእናቷን ስም ካነሳን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። አስራ አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ስልኳ ላይ «ዕረፍቱ አብቅቷል» የሚል መልእክት ሳይደርሳት አልቀረም፤ «በል አባዬ፣ ለቀቀችህ፤ ቀስ ብለህ ንዳ። ቅዳሜ መጥቼ ቁልፉን እወስዳለሁ» ብላ ዘጋችው። እታገኘሁን ለምኜ ቤቱን አስጠረግሁ፤ የልጄን አልጋ አስነጠፍኩ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩላት። ንብረቱን ሊወስዱበት ሲመጡ ቤት አሰናድቶ የጠበቀ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ቅዳሜ ስብሰባ ገጠማት።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ካሳ አይደለም፤ መኪናዋንም ይውሰዱልኝ አልልም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ካሜራዋን ሰላምታን ከእንቅልፍ እንድትለይ እንዲያስተምሯት ነው፤ አህያን ከሞተር ብስክሌት ከለየች በኋላም ቢሆን እታገሣለሁ። ሁለተኛው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሥራዎን ለማቃለል ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፦

«ለአቶ ሁሴኖ፣ ጎሚስታ፣ አሰላ። አቶ ይበልጣል ገብረ መድህን በኅዳር ወር እርስዎ በሐዘን ላይ ሳሉ አንገታቸውን ሳይሰብሩ ያለፉት በኩራት ሳይሆን፣ በድርጅታችን ማሻሻያ ምክንያት መሆኑን እያረጋገጥን፣ በዚያ ሰዓት ሊያቀርቡልዎት የነበረው ሰላምታ በእኛ ዘንድ ተይዞ የቀረ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።»

ፊርማው የማንም ቢሆን ግድ የለኝም። ማኅተሙ ግን ክብና ሰማያዊ ይሁንልኝ፤ ሁሴኖ ሐምራዊ ማኅተም አያምንም።

እንቅልፌን ከእኔ በላይ ለሚያውቁልኝ፣ ሰባ አንድ ዓመት ያካበትኩትን ሰላምታ በአንድ ቀን ለሰበሰቡልኝ፣ በከተማዬ ውስጥ ከማንም ጋር ሳልነካካ፣ ንቁና ቀጥ ብዬ እንድሄድ ለረዱኝ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ረጅም ዕድሜን፣ ከጎናችሁ የማይርቅ ሰውንም እየተመኘሁ፣ በመኪናዎ ውስጥ ማድረግ ያልቻልኩትን በዚህ ወረቀት ላይ ግንባሬ ጠረጴዛው ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ይበልጣል ገብረ መድህን
የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በድርጅትዎ ምስክርነት ከሁሉ የነቃ አሽከርካሪ
አሰላ፣ መጋቢት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ አንድ ቀን አሳድሬ ሳስበው፣ ካሜራዋን እንዲያስተምሯት የጠየቅሁትን የመጀመሪያውን ጥያቄ በአክብሮት አንስቻለሁ። የሁሴኖን ደብዳቤ ብቻ ይላኩልኝ። ምክንያቱን ልጄ እንዳታውቅብኝ አደራ፤ ይህን ደብዳቤ ታነበዋለች ብዬ ግን አልሰጋም፤ ረጅም ነው፣ በቀይም አልተጻፈም። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሳጉሬ መንገድ እወጣለሁ። ከታጨደው የገብስ ማሳ በቀር የሚያየኝ በሌለበት ቦታ ስደርስ፣ ለማንም ሳይሆን ሦስት ጊዜ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። መኪናዋ ትቆማለች፤ ስኒው ይጨሳል፤ እኔም ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እስካሁን በእያንዳንዱ ቀን ደውላለች። ባለፈው ሐሙስ ግን ስልኩ የጮኸው አስራ አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የቀረን አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ማሻሻያዎ፣ የሚቻል ሆኖ ከተገኘ፣ አስራ አምስቱን ደቂቃ ሃያ ቢያደርጉልኝ።